7 ሚሊዮን ክፍት ሥራ እያለ ሥራ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ማሂ (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም ቤቶች፣ እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ንዴቴ ግን ረጅም። ሰሞኑን ዜና ላይ አሜሪካ ውስጥ 7.2 ሚሊዮን ክፍት የሥራ ቦታ አለ ሲባል ሰማሁ። እህቴ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጨርሳ፣ የአይቲ ሰርተፍኬቷን ይዛ፣ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ታመለክታለች። መልስ የሚባል ነገር የለም። ያመለከተችበት ማስታወቂያ ወር ሲሞላው እንደ አዲስ ተመልሶ ይለጠፋል። እማዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሆና ያንኑ ዜና ሰምታ "ያ ሁሉ ሥራ እያለ ቁጭ ያለችው ሰንፋ ነው" ብላ ደምድማለች።

ማነው የሚዋሸው? ቁጥሩ ነው ወይስ እኛ ነን ማንበብ ያቃተን? የገባው ያስረዳኝ። ኢኮኖሚክስ አልተማርኩምና ቀስ እያላችሁ።

ጥርጥር (ዳላስ)

ምን ማንበብ ያስፈልገዋል? የስታቲስቲክስ ቢሮዋን ኃላፊ ቁጥሩ ስላልጣማቸው ትራምፕ በፈረንጅ 2025 ኦገስት መጀመሪያ ላይ አባረሯት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ምን ዋጋ አለው? ዝም ብላ ታመልክት፤ ዕድል ነው።

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ማሂዬ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ማንም አልዋሸሽም። የሰማሽው ቁጥር ለጠየቅሽው ጥያቄ የተሠራ አይደለም።

ቁጥሩ የሚመጣው ጆልትስ ከሚባል ጥናት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ ወደ 21 ሺህ የሚጠጉ ድርጅቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቃል። መረጃው የሚጀምረው ከ2000 ዲሴምበር ነው። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። ስንት ሠራተኛ አላችሁ? በወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ስንት ክፍት ቦታ ነበራችሁ? በወሩ ውስጥ ስንት ቀጠራችሁ? ስንቱ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ? ስንቱን አሰናበታችሁ? በጡረታ፣ በዝውውር፣ በሞት የወጣውስ? አለቀ።

እዚህ ጋ ልብ በይ። ክፍት ቦታ የሚቆጠረው በአንድ ቀን ነው። ቅጥርና መልቀቅ ግን የወሩ ሙሉ ድምር ነው። አንድ ምግብ ቤት በወሩ 5ኛ ቀን አስተናጋጅ ፈልጎ በ12ኛው ቀን ቢቀጥር፣ ያ ቦታ ከክፍት ሥራዎቹ ውስጥ የለም፤ ቅጥሩ ላይ ግን አለ። ስምንት ወር ሙሉ ሳይሞላ የከረመ ቦታ ደግሞ በስምንቱም ወር ይቆጠራል። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚፈልግና በቶሎ የሚቀጥር ዘርፍ ትንሽ ይመስላል፤ ለመቅጠር የማይቸኩል ዘርፍ ትልቅ ይመስላል።

አንድ ቦታ ክፍት ለመባል ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። የሚሠራ ሥራ ያለው የታወቀ መደብ መሆን። ሰው ቢገኝ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር መቻል። ድርጅቱ ከውጭ ሰው እየፈለገ መሆኑ። በሦስተኛው ላይ ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚለካ ነገር የለም። ነገ ጠዋት ሰው ካላገኘሁ ሱቄን እዘጋለሁ የሚለውና "ጥሩ ሰው ከመጣ አይቼ እወስናለሁ" የሚለው እኩል አንድ አንድ ይቆጠራሉ። የእህትሽ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ሁለተኛው ዓይነት ጋ ይመስለኛል።

አሁን ከ7.2 ሚሊዮኑ ወረድ ብለሽ ሌሎቹን እይ። የጁላይ 2025 ነው። ቅጥር 5.3 ሚሊዮን። ከ100 ሠራተኛ 3.3 መሆኑ ነው። ወረርሽኙ የመታውን 2020 ትተሽ ወደ ኋላ ብትሄጂ፣ እንዲህ ያለ የቅጥር መጠን የምታገኚው 2013 አካባቢ ነው። ያኔ ሥራ አጡ ከ7 በመቶ በላይ ነበር። በኦገስት 2025 ግን 4.3 ነው። ሥራ አጡ ትንሽ፣ ቅጥሩም ትንሽ። እንዴት ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ?

ከሥራ የተሰናበተው ከ100 ሠራተኛ 1.1 ብቻ ስለሆነ ነው። በፈቃዱ የለቀቀውም 2 ብቻ። በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ይሄ የመልቀቅ ቁጥር 3 ደርሶ ነበር፤ በወር 4.5 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። አሁን ወደ 3.2 ሚሊዮን ወርዷል።

ሚኒባሱ ሞልቷል በይው። ረዳቱ ማንንም ገፍትሮ አያወርድም። ወራጅም የለም። ውስጥ ለተቀመጠው ሰላም ነው፤ መንገድ ዳር ለቆመው ግን ታክሲ ሲያልፍ ማየት ብቻ ነው። እህትሽ መንገድ ዳር ናት። ዜናው የቆጠረው የታክሲዎቹን ብዛት ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ከጆልትስ ሁሉ የማምነው የመልቀቅን ቁጥር ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ምንም አያስከፍልም። በገዛ እጅ እንጀራን መልቀቅ ያስከፍላል። እዚህ አገር በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ አጥ ድጎማ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ሰው የሚለቀው የተሻለ ነገር ሲጨብጥ ወይም በቅርብ አገኛለሁ ብሎ ሲተማመን ነው። ደሞዙም አብሮ ይሄዳል። የአትላንታ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፍ) ሥራ የቀየሩትንና ባሉበት የቆዩትን ለይቶ ይከታተላል። በ2022 አጋማሽ የቀየሩት ጭማሪ ከ8 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ የቆዩት ግን በብዙ ዝቅ ያለ ነበር። አሁን ያ ልዩነት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሰው ለምን ይነቃነቅ?

አንድ ሰው ሲለቅ ደግሞ ወንበሩን ትቶ ነው የሚሄደው። በዚያ ወንበር ከታች ያለው ይገባል፤ የእሱን ሌላው ይይዛል። በመጨረሻ ታች ያለው የጀማሪ ቦታ ይከፈታል። ላይ ያለው ካልተነሳ የጀማሪው በር አይከፈትም። ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ፤ ልጅቷ አልሰነፈችም።

ማሂ (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እማዬን በስልክ አስረድቻታለሁ። "ታዲያ ወራጅ አለ ብላ አትጮህም?" ብላኛለች።

አስተናጋጁ

ክሩን ወደ "ሥራና ኑሮ" አዛውሬዋለሁ። ስለ ፕሬዚዳንቱ መከራከር የፈለጋችሁ በራሱ ክር ላይ ቀጥሉ።

ቤዛ ነርሷ (ሴንት ፖል)

የኛ ሆስፒታል ዓመቱን ሙሉ የማይወርድ ማስታወቂያ አለው። የሌሊት ፈረቃ ነርስ ይላል። ከጀርባው አንዳንዴ አራት ቦታ አለ፣ አንዳንዴ ምንም የለም፤ ስም ዝርዝር መሰብሰቢያ ነው። ኃላፊዬ ራሷ "ሰው በድንገት ሲሄድብኝ ከዜሮ እንዳልጀምር ነው" ብላኛለች።

በ2022 ከኔ ፈረቃ ግማሹ ትራቭል ነርስ (ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ በኮንትራት የሚሠራ) ሆኖ ነበር የሄደው። በሳምንት የሚከፈላቸውን ስሰማ እኔም ሻንጣዬን ላነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዘንድሮ ማንም ንቅንቅ አላለም። ጡረታ መውጣት የነበረባት ሲስተር እንኳ "እስኪ ይቺን ዓመት" ብላ ቀርታለች።

ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቤዝዬ ጥሩ ጠየቅሽ። ጆልትስ ማስታወቂያ አይቆጥርም፤ ድርጅቱን ነው የሚጠይቀው። ከማስታወቂያው ጀርባ አራት ቦታ ካለ አራት ይመዘገባል። በ30 ቀን ውስጥ የሚጀመር ሥራ ከሌለ ዜሮ መሆን አለበት። ይሄ እንግዲህ የሚሞላው ሰው ጠንቃቃ ከሆነ ነው። ቅጹን የሚሞላው ደሞዝ ክፍል ያለ ሰው ነው እንበል። ስንት ሰው ደሞዝ እንደተከፈለው፣ ስንቱ እንደወጣ ከመዝገቡ ያወጣል። ስንት ቦታ ክፍት እንደሆነ ግን ሌላ ክፍል ደውሎ መጠየቅ አለበት። ከክፍት ቦታው ይልቅ የቅጥሩና የመልቀቁ ቁጥር የሚታመነው በዚህ ነው።

እንደ ኢንዲድ ያሉት ድርጅቶች የሚያወጡት መረጃ ደግሞ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ነው የሚቆጥረው። እሱ ፈጣን ነው፤ ጆልትስ ግን ከወሩ መጨረሻ በኋላ አምስት ሳምንት ገደማ ይዘገያል። ግን አንዱ ማስታወቂያ አራት ቦታ ይዞ አንድ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ቦታ በአምስት ከተማ ተለጥፎ አምስት ይመስላል። እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ አቅጣጫቸው አንድ ሲሆን ነው የማምነው።

ጥርጥር (ዳላስ)

ጋሼ አክብሬዎት ነው፤ ግን ከተጠየቁት ድርጅቶች መልስ የሚሰጠው ሲሶው ብቻ ነው ይባላል። ሁለት ሦስተኛው ዝም ባለበት ምኑን ነው የምናምነው?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እውነትህን ነው ልጄ። ከኮቪድ በፊት 60 በመቶ ገደማ ይመልስ ነበር፤ አሁን ወደ ሲሶ ወርዷል። ከባድ ነው። ስለዚህ የአንድ ወርን ለውጥ አይቼ አልደነግጥም፤ የሦስት ወር አማካይ ነው የምወስደው። በየሳምንቱ የሚወጣውን የአዲስ ሥራ አጥ ድጎማ ጠያቂዎች ቁጥርም ከጎኑ አስቀምጣለሁ። እሱ ጥናት ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ነው። ዝቅተኛ መሆኑን ካየህ ጆልትስ "ማሰናበት ትንሽ ነው" ማለቱ ውሸት እንዳልሆነ ታውቃለህ።

የኃላፊዋ መባረር ግን ለኔ ትልቅ ጥፋት ነው። የሜይንና የጁንን የሥራ ቁጥር በ258 ሺህ ዝቅ አድርገው አስተካከሉ ተብሎ ነው የመጣው ጣጣ። የዘገዩ ድርጅቶች መልስ ሲገባ ቁጥር ይስተካከላል፤ አሠራሩ ድሮም እንዲህ ነው። የማይስተካከል ቁጥር ነው የሚያሳስበኝ። (አስተናጋጅ ይቅርታ፣ በዚህ ይብቃኝ።)

ዳዊት (ሃያትስቪል)

እኛ ሰፈር "ማሰናበት ትንሽ ነው" ሲባል ሰው ይስቃል። ባለቤቴ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ኮንትራት ያለው ድርጅት ጋ ነበረች። ኮንትራቱ ማርች ላይ ተቋረጠ፤ እሷም በሳምንቱ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የዚህ ዓይነት ወሬ የማይሰማበት እሑድ የለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው የት ነው የሚቆጠረው?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዳዊትዬ፣ አገር አቀፍ ቁጥር ሰፈርህን አያሳይም። ዋሽንግተን ዲሲ በጁላይ 2025 ሥራ አጡ 6 በመቶ ነበር፤ ከሁሉም ስቴት ይበልጥ ነበር። ጆልትስም በስቴት ደረጃ ይወጣል፤ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዲሲን ለየብቻ ማየት ትችላለህ።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። የባለቤትህ ዓይነት ሰው "ፌዴራል መንግሥት" በሚለው ረድፍ ውስጥ የለችም። የቀጠራት የግል ድርጅት ስለሆነ "የሙያና የቢዝነስ አገልግሎት" ውስጥ ነው የምትገባው። የፌዴራሉን ረድፍ ብቻ አይቶ "ያን ያህል አይደለም" የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው፣ ከመንግሥት "ዛሬ ልቀቁ፣ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ደሞዝ እንከፍላለን" ተብለው የፈረሙት ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። ቢሮ ባይገቡም ደሞዝ ስለሚከፈላቸው እስከ ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ሠራተኛ ተብለው ይቆጠራሉ። ከኦክቶበር ጀምሮ ነው ከመዝገብ የሚወጡት። የበልጉን ጉድ በመጸው ቁጥር ነው የምናየው።

ሰናይት የሰው ሀብት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካውን እያነበብኩ ቀናሁ። እኛ ጋ ክፍት ቦታና መልቀቅን በየወሩ የሚቆጥር ጥናት የለም። በፈረንጅ 2021 የተሠራው የሰው ኃይልና ፍልሰት ጥናት የከተማ ሥራ አጥነት 19 በመቶ ገደማ ነው ብሏል። ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ የሚለውን አያሳይም።

ብዙ ሰው የቴሌግራም ቻናሎችን አይቶ ነው "ሥራ በሽ ነው" ወይም "ሥራ የለም" የሚለው። አንዱ የአካውንታንት ቦታ በአሥር ቻናል ይዞራል። ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ለደንቡ የሚወጣ ነው፤ ቦታው ላይ በውክልና የተቀመጠ ሰው አለ፣ ማስታወቂያው የሚወጣው መመሪያው ስለሚያዝ ነው። ምሩቃኑ የልደት ሰርተፍኬት ሳይቀር ኮፒ አድርገው ይሰለፋሉ። እንደዚያ ያለውን ቆጥሮ የሥራ ገበያ ነው ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ እኔ በምሠራበት ፋብሪካ (ልብስ ስፌት ነው፣ ስሙ ይቅር) የራሳችንን ጆልትስ ሠራሁ ልበል። አንድ ኤክሴል ነው። ለእያንዳንዱ ለወጣ ሠራተኛ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የነበረበት መስመር፣ ራሱ ለቀቀ ወይስ ተሰናበተ። ከዚያ በወሩ የወጣውን ለወሩ አማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍዬ በ100 አበዛለሁ።

ምክንያት የሚለውን ዓምድ በመጨረሻ ሰረዝኩት። ሁሉም "የግል ጉዳይ" ነው የሚለው። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል፤ ብዙዎቹ ግን ማመልከቻም አያስገቡም፣ በቃ አይመጡም። የበለጠ የነገረኝ ቀኑ ነው። የወጡበትን ቀን ደርድሬ ሳየው፣ መልቀቅ የሚበዛው ደሞዝ በተከፈለ በማግሥቱ ነው። ከበዓል በኋላም እንዲሁ፤ ለፋሲካ ወደ ቤተሰብ ሄዶ የማይመለስ አለ።

አለቆቻችን ለዓመታት "የሠራተኛ ፍልሰታችን መቶ በመቶ ነው፤ በየዓመቱ ሁሉም ይቀየራል" ይሉ ነበር። እኔ በቆይታ ዘመን ከፋፍዬ ሳየው ሁሉም አይቀየርም። አንድ ዓመት ያለፋቸው ልጆች ቁጭ ብለዋል። የሚዞሩት አንድ ዓይነት ወንበሮች ናቸው፤ አንዱ ወንበር ላይ በዓመት ሦስት አራት ሰው ይቀመጥበታል። መቶ በመቶ የሚለው አማካይ ያንን ደብቆት ነበር። ገንዘባችንን ሁሉ ለነባር ሠራተኛ ማቆያ እናወጣ ነበር፤ እነሱ እኮ አልሄዱም። የሚሄደው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወር ያልጨረሰ ነው። ቤት ኪራዩ፣ ሰርቪሱ የሚያወርድበት ቦታ፣ የመጀመሪያዋ ሱፐርቫይዘር ጠባይ፤ እነዚህ ናቸው ጉዳዮቹ።

ጋሼ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። "ሰው የሚለቀው የተሻለ ሲያገኝ ነው" ያሉት እኛ ጋ አይሠራም።

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰናይት፣ እስኪ አስረጂን። እኔ ከአገር ከወጣሁ ቆየሁ።

ሰናይት የሰው ሀብት (አዲስ አበባ)

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ይውሰዱ። በፈረንጅ 2016 ተመረቀ። መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጽፏል፤ በዓለም ልብስ ስፌት ውስጥ ዝቅተኛው ነው ተብሏል። ያው እንደሚታወቀው ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደሞዝ ወለል የለንም። ልጆቹ ከገጠር ይመጣሉ፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ወር ሲሞላ የሚተርፍ ነገር የለም። ሲለቁ የተሻለ ስላገኙ ሳይሆን ስላላዋጣቸው ነው።

ከዚያ በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ጋ ሥራ ለሚያመለክቱ ሰዎች ሥራውን በዕጣ አስደልድለው ተከታትለዋል። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቀዋል። ገቢው እዚህም እዚያም ከሚሠራው ሥራ አልተሻለም፤ የጤና ችግሩ ግን ጨምሯል። ከለቀቁ በኋላ ወደ ቀን ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ ነው የተመለሱት።

እና እኔ የመልቀቅ ቁጥር ከፍ ሲል "ሠራተኛው ተማምኗል" ብዬ አላነብም። "ዋጋችን ወድቋል" ብዬ ነው የማነበው። ዘይትና ጤፍ ሲጨምር ወይም ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ሰፈር ውስጥ ሲበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኤክሴሌ ላይ ይታያል።

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ተቀብያለሁ። እንዲያውም እዚህም የአንቺን ዓይነት ዘርፍ አለ። ሆቴልና ምግብ ቤት ከ100 ሠራተኛ 4 ያህሉ በወር ይለቃል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ እንኳ አይሞላም። ምግብ ቤት የሚያስተናግደው ሰው ከመንግሥት ሠራተኛው የበለጠ ተማምኖ አይደለም። ስለዚህ ዘርፍን ከዘርፍ አላወዳድርም፤ አንዱን ዘርፍ ከራሱ ካለፈው ዓመት ጋር ነው።

ናቲ (ባሕር ዳር)

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ቤቨሪጅ ከርቭ ፈተና ላይ መጥቶብን ሥዕሉን ስለን ወጣን እንጂ ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። እዚህ ጋ ይገባል?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይገባል እንጂ! በአግድሙ ዘንግ ሥራ አጡን፣ በቋሚው ክፍት ቦታውን ታስቀምጣለህ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ነው ቤቨሪጅ ከርቭ። ጊዜው ጥሩ ሲሆን ክፍት ቦታ ይበዛል፣ ሥራ አጥ ይቀንሳል። ሲከፋ ተቃራኒው። በ2009 ክረምት ለአንድ ክፍት ቦታ ከ6 በላይ ሥራ ፈላጊ ነበር። በማርች 2022 ደግሞ ለአንድ ሥራ ፈላጊ ሁለት ክፍት ቦታ። ስሙ የእንግሊዛዊው የዊልያም ቤቨሪጅ ነው።

ጥቅሙ በ2022 ታይቷል። ክፍት ቦታው ከ12 ሚሊዮን አልፎ፣ የዋጋ ንረቱም ጣራ ነክቶ ነበር። ኦሊቪዬ ብላንሻር፣ አሌክስ ዶማሽና ላሪ ሰመርስ "ታሪክ እንደሚያሳየው ክፍት ቦታ እንዲህ ሲወርድ ሥራ አጥ ሳይጨምር ቀርቶ አያውቅም" አሉ። ከፌዴራል ሪዘርቭ ክሪስቶፈር ዋለርና አንድሩ ፊጉራ "አሁን መስመሩ በጣም ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ነን፤ ክፍት ቦታው ብቻውን ሊወርድ ይችላል" ብለው መለሱ። ሙግቱ በጽሑፍ ነበር፤ ፈልገህ ብታነበው ከመጽሐፍህ ይሻልሃል።

የሆነው ይኸውልህ። ክፍት ቦታው ከ12 ወደ 7 ሚሊዮን ወረደ፤ ሥራ አጡ ከ3.6 ወደ 4.3 በመቶ ብቻ ወጣ። የነዋለር ወገን ረታ። ግን ዋለር ራሱ ክፍት ቦታው ከሁሉም የሥራ ቦታ 4.5 በመቶ በታች ከወረደ መስመሩ መጋደም እንደሚጀምር፣ ከዚያ በኋላ ሥራ አጡ ቶሎ ቶሎ እንደሚጨምር አስጠንቅቆ ነበር። የጁላይ 2025 የክፍት ቦታ መጠን 4.3 በመቶ ነው። በዚያው ወር ሥራ አጡ ከክፍት ቦታው በለጠ፤ ከአፕሪል 2021 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ማሂ የሰማችው ዜና ይሄን ቢጨምርበት ኖሮ እናቷ ያን ያህል አትፈርድም ነበር።

ለንደኔዋ

እኛም ጋ ያው ነው። በ2022 መጀመሪያ ክፍት ቦታው መዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አጡን በልጦ ነበር፤ 1.3 ሚሊዮን ደርሶ። አሁን ከ750 ሺህ በታች ነው። የስታቲስቲክስ ቢሮው በሦስት ወር አማካይ ስለሚያወጣው ጋሼ ያሉትን የመዝለል ችግር ይቀንሳል። ሥራ ቀያሪው ግን በየሦስት ወሩ ነው የሚታየው።

ማሂ (አሌክሳንድሪያ)

አሁን ገባኝ። ግን ከዚህ ሁሉ ለእህቴ የሚሆን ምን አለ? "ኢንፎርሜሽን" የሚለውን ረድፍ አየሁት፤ ቅጥሩ ጭል ጭል ይላል። ሙያ ትቀይር ወይስ ትጠብቅ?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ያ ረድፍ የእህትሽ ረድፍ አይደለም። ጆልትስ የሚመድበው በአሠሪው ዘርፍ እንጂ በሠራተኛው ሙያ አይደለም። "ኢንፎርሜሽን" ማለት ሶፍትዌር አሳታሚ፣ ቴሌኮም፣ ሚዲያ፣ ፊልም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ጤና ውስጥ ይቆጠራል። የትምህርት ቤት ሄልፕ ዴስክ በአካባቢ መንግሥት ትምህርት ውስጥ። የባንኩ በፋይናንስ። ስለዚህ "አይቲ የት ይቀጠራል?" ብላ ሳይሆን "የትኛው ዘርፍ ይቀጥራል?" ብላ ትነሳ፤ ከዚያ በዚያ ዘርፍ ውስጥ የአይቲ ቦታ ትፈልግ።

ስታይ ደግሞ የቅጥሩን መጠን ለክፍት ቦታው መጠን ታካፍል። ቅጥሩ ከክፍት ቦታው ከበለጠ ያ ዘርፍ ሲለጥፍ የምር ነው። ኮንስትራክሽንን ብታይ ቅጥሩ ከክፍት ቦታው ይበልጣል፤ ጤና ውስጥ ደግሞ ክፍት ቦታው ከቅጥሩ ይበዛል፤ ቤዛ እንዳለችው ማስታወቂያው ይከርማል። ጤና በጁላይ ክፍት ቦታ ቢቀንስበትም በ2025 አብዛኛውን የሥራ ጭማሪ የያዘው እሱ ነው፤ ከዚያ አትራቅ።

ቤዛ ነርሷ (ሴንት ፖል)

ማሂ፣ እውነት ነው። የኛ የአይቲ ክፍል ልጆች ግማሾቹ ከመመዝገቢያ ዴስክ ነው የገቡት። የውስጥ ማስታወቂያ ለውጭ ሰው አይታይም። እህትሽ የሌሊት ምዝገባም ቢሆን ትግባ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ መሻገር ይቀላል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ሲቪዋን አያለሁ።

ማሂ (አሌክሳንድሪያ)

ላክሁልሽ። ኑሪልኝ።

ናቲ (ባሕር ዳር)

ሰናይት፣ የኤክሴሉን አሠራር ባዶውን ብታካፍዪን? ለመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎች ላይ ልሞክረው አስቤአለሁ።

ሰናይት የሰው ሀብት (አዲስ አበባ)

እልክልሃለሁ። ሆቴሎቹ ስም እንዳይሰጡህ፤ ቀን ብቻ ይስጡህ፣ የገባበትና የወጣበት። ፈቃደኛ ይሆናሉ። ምክንያት ጠይቀህ ጊዜህን አታጥፋ። ከምረቃ በዓል፣ ከጥምቀትና ከደሞዝ ቀን ጋር ግን አገናኘው።

ጥርጥር (ዳላስ)

የኦገስቱ መቼ ነው የሚወጣው?

ጋሽ ሠንጠረዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሴፕቴምበር 30። ክፍት ቦታውን ዝለልና ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ክፈት፤ ቅጥሩን።